ከጠጠሩ ማዶ ላለችው ባለቤቴ መንገድ ስለ መጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ የአረጋውያን መኖሪያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዓይንዎን ደህና ያድርግልዎ። ዓይንዎን ነጥዬ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ቢሮዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ግቢያችንን ቁልቁል ነው የሚያዩት፤ ከላይ ሲያዩት ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። እኛ ግን የምንኖረው ታች ነው።

እኔ በወንዶች ክንፍ፣ ክፍል ስድስት፣ መስኮቱ ሥር የምተኛው ሽማግሌ ነኝ። ሰዉ ሲባጎ እያለ ይጠራኛል፤ አርባ አንድ ዓመት አትክልተኛ ሆኜ ስሠራ ከኪሴ ሲባጎ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የሚጽፍልኝ የአልጋ ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። እሱ ቃሉን እናለስልሰው ይላል፣ እኔ እንዳለ ጻፈው እላለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለስላሳ ሆኖ ያገኙት ሁሉ የእሱ ነው፣ የቀረው የእኔ።

ከሁሉ አስቀድሜ ግቢያችንን በፈረንሳይ ወግ ስላስዋቡልን ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ድሮ የነበረን አንድ የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ መንገድ፣ አንድ የኮክ ዛፍ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። እርስዎ ያንን ሁሉ አስነቅለው በምትኩ አራት ማዕዘን የተከረከመ ቁጥቋጦ፣ ውሃ የሚተፋ የድንጋይ ገንዳ፣ የብረት ወንበሮች፣ ላቬንደር የሚባለውን ሽታ ያለው አበባ፣ ከዚያ በተረፈው ቦታ ሁሉ ደግሞ ጠጠር ሰጥተውናል። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤

አንደኛ፣ ስለ ቁጥቋጦው። በፈረንሳይ ወግ አትክልት ማለት መስመር ማለት ነው። የእርስዎ መስመር ከበሩ ተነስቶ ገንዳው ጋ ሲደርስ አንድ ጋት ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሲባጎ ሳይወጠር፣ ችካል ሳይመታ፣ በዓይን ግምት እንደተተከለ ያስታውቃል። ከፎቅ ላይ አይታይ ይሆናል፤ ክፍል ስድስት ላለ ሰው ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ሁለተኛ፣ ስለ ብረት ወንበሮቹ። ጠዋት እንደ በረዶ ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ። መደገፊያቸው ላይ ያለው የተጠማዘዘ አበባ አምስት ደቂቃ ከተቀመጥን ጀርባችን ላይ ይታተማል፤ በዚህ ዕድሜያችን አጊጠን እንድንገባ ስላሰቡልን ውለታዎ አለብን።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠጠሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በዚህ መኖሪያ ባልና ሚስት ሆነን የመጣን እንኳ ወንዱ በአንድ ክንፍ፣ ሴቷ በሌላው ክንፍ ነው የምንኖረው። በወጥ ቤት በኩል የሚያገናኘው ኮሪደር ለሠራተኛ ብቻ ነው ተብሎ ተቆልፏል፤ ወንድ ሴቶች ክንፍ የሚገባው እሑድ ለግማሽ ሰዓት ነው። በሕጉ አልከራከርም፣ ስንገባ ተነቦልን እሺ ብለናል። ሕጉን ያስቻለን ግን ግቢው ነበር። የልጆቼ እናት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው። በየቀኑ ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን አስታማሚዋ በሲሚንቶው መንገድ እየገፋች ታመጣልኝ ነበር፣ እኔም በከዘራዬ ከወዲህ እሄድና መሃል ላይ እንገናኝ ነበር። ምን ታወሩ ነበር ቢሉኝ፣ ምንም። ያን አልታዘዝ ያለ እጇን አሽላት ነበር፣ እሷ ዘግይተሃል ብላ ትነጫነጭብኝ ነበር፣ በቃ። ሐሳቧ መበተን ስለጀመረ ሐኪሙ ራሱ፣ የምታውቀውን ፊት በየቀኑ ትየው፣ አለዚያ ይጠፋባታል ብሎ ነበር።

ጠጠርዎ የፈሰሰው ከሃምሳ ሦስት ቀን በፊት ነው፤ ጥልቀቱ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። የመጀመሪያው ዕለት አስታማሚዋ ሞክራ ነበር። ጎማው እስከ መሃሉ ሰመጠ፣ ሁለት ሆነው ሊያነሱ ሲታገሉ ወንበሩ ተገለበጠ፣ ባለቤቴም የፈረንሳይን ወግ በግንባሯ አየችው። እርስዎም አልዘገዩም፤ በማግስቱ ማስታወቂያ አስለጠፉ። ጸሐፊው እንዳነበበልኝ፣ ለነዋሪዎች ደህንነት ሲባል፣ እንዲሁም የጠጠሩ ገጽ እንዳይበላሽ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ወደ አትክልት ቦታው እንዳይገባ ተከልክሏል። ከሁለቱ ምክንያት የትኛው ቀድሞ እንደታሰበ አልጠይቅዎም፣ ነውር ይሆንብኛል።

በዚያው ሳምንት ሁለት ቦታ አርፌ ደረጃዎን ወጣሁ። ካገለገልኩበት አርባ አንድ ዓመት አሥራ ዘጠኙን የሠራሁት በአንድ ፈረንሳዊ ግቢ መሆኑን፣ እዚያ ጠጠር እንደ እህል ዝም ብሎ እንደማይፈስ፣ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተለውሶ ሁለት ጣት ያህል ብቻ እንደሚነጠፍ፣ ውሃ እየተርከፈከፈ ሦስት ቀን በመዳመጫ እንደሚዳመጥ፣ የዚያ ሰው አሮጊት እናትም በተሽከርካሪ ወንበር ግቢውን ሙሉ ስትዞርበት እንደኖረች አስረዳሁ። መዳመጫና ሁለት ሰው ይስጡኝ፣ ያለ ደመወዝ አስተካክለዋለሁ አልኩ። እርስዎም በትሕትና ሰምተውኝ ሲያበቁ መጽሔት ገልጠው ፎቶ አሳዩኝ፤ ጠጠሩ እንዲህ የላላ፣ ሲረገጥም ኮሽ ኮሽ የሚል መሆን አለበት፣ ውበቱ እሱ ነው አሉኝ። ለሐሳቤም አመሰገኑኝ። ደረጃውን ስወርድ ነው ልብ ያልኩት፤ ክቡር ሆይ፣ ፎቶው ላይ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የቀረችኝ የእሑድ ግማሽ ሰዓት ናት። በመጀመሪያው እሑድ የት ከርመህ ነው ብላ አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ሌላ ሴት ይዘሃል አለችኝ፤ በዚህ ጉልበቴ እንዲህ መታማቴ፣ አልዋሽዎም፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። በአምስተኛው ፊቴን ትታ ከዘራዬን ስታይ ቆየች። ያለፈው እሑድ ስገባ ቀና ብላ አየችኝና፣ ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ አለችኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት አንተ ስትለኝ፣ ሲብስባትም ከዚያ የከፋ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ተቀመጥኩ፣ ምን ላድርግ። ቀጥላም፣ ማንን ሊጠይቁ መጡ አለችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ስድብ ጠጥቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ አክብሮት ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስለ ኮክ ዛፉ። ይቅር። ተቆርጧል፣ ብናገርም አይበቅል።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ናት። ፈረንሳይዎን አልነካም። ከወንዶች በር እስከ ሴቶች በር አርባ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቁመቱ ይኸው ሆኖ፣ ስፋቱ አንድ ተሽከርካሪ ወንበርና አንድ ጋት ብቻ የሚሆን መስመር ጠጠሩ ይነሳልኝና ይዳመጥልኝ። ሲባጎውን እኔ እወጥራለሁ፤ እንደ ቁጥቋጦው እንዳይጣመም። ሐሳብዎን እስኪጨርሱ መጠበቅ ለእኔ ምንም አይደለም፤ ለእሷ ግን እያንዳንዱ ቀን ከፊቴ ላይ አንድ ነገር እየወሰደባት ነው፤ ስለዚህ እባክዎ ኮሚቴ አያቋቁሙልኝ።

ከመስኮትዎ የሚታየው ሁሉ እንዳማረ እንዲኖርልዎ፣ እርስዎም አንድ ቀን ታች መውረድ ሲመጣብዎ እግርዎ እንዳይከዳዎ፣ የሚያውቅዎ ሰውም በዝቶ እንዲቆይዎ የምመኝ፣ የክፍል ስድስቱ ሽማግሌ፣ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ግቢውን የሚመርቁ ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ማስታወቂያዎን ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አንብቦልኛል፤ የተከለከለው ወንበር እንጂ ሚስት አይደለችም። ባለቤቴም እስከ ክንፏ በር ድረስ እንዳትመጣ የሚል የለበትም፤ ይህን ልብ ያልነው ገና አሁን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ከበሩ ተቀብዬ አዝያት በጠጠሩ ላይ አሻግራታለሁ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም እሷም ቤት ከዋለች ወዲህ ቀልላለች አሉኝ። መሃል መንገድ ላይ ብንወድቅ እንግዶችዎ ፊት አንጮህም፤ እርስዎም አደራዎን፣ ቶሎ አያንሱን። እዚያው አጠገቤ ተጋድማ ፊቴን ትንሽ ትየው።