ከቤቱ በፊት የተቆፈረው ጉድጓድ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ተክለሃይማኖት፣
ቢቸና።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሲበርድ የሚነሣብዎት የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ለቀቀዎት? እናቴ ጾሙን እንዴት ያዘችው? ዓይኗስ ተሻላት ወይስ ዛሬም ክር በመርፌ የሚያስገባላት ሰው ትጠራለች? እህቴ እሙስ? ይህን የምታነብልዎት እሷው ስለሆነች፣ እሙዬ፣ እዚህ ላይ ቆም በይና በሩን ዝጊልኝ። ከአባባ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ስለ ጤናችን የጻፍኩትን ብቻ አንብበሽ ሌላውን ለነገ አቆዪው።

ደብዳቤ ሲጻፍ እኔ ደህና ነኝ ማለት ወግ ነው። እኔም ልጽፈው ጀምሬ ብዕሩ እምቢ አለኝ። በሕይወት አለሁ፤ ባለቤቴ ጥሩብርሃንና ልጄ ዓለምም በሕይወት አሉ። ለዛሬ በዚህ ይያዙልኝ። ፈርቻለሁ አባቴ። ልጅ ሳለሁ ጅብ ሲጮህ በእርስዎና በእናቴ መካከል እየገባሁ አላስተኛችሁም ነበር፤ የአሁኑ ፍርሃት ግን በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የምገባበትም ቦታ የለኝም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ስምንት ዓመት የሠራሁበት የመርካቶ ጨርቅ መደብር ከተዘጋ ሰባት ወር ሆነው። ሥራ ያልፈለግሁበት የለም፤ ከጦር ኃይሎች እስከ ዘነበወርቅ በእግሬ ዞሬያለሁ። በመጨረሻ እጄን አየሁት። ይህ እጅ የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እርስዎ ያስተማሩኝ። ስለዚህ ከቤቴ ጀርባ አንዲት ትንሽ የሥራ ቤት አቁሜ ሸማ ልሠራ ቆረጥኩ። የቆረጥኩት ግን በልቤ ብቻ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጥሩብርሃን እንኳ። ቀስ ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር። እኔ መቼም ሁሉን ነገር ቀስ ብዬ ነው የማደርገው፤ መዋሸት ሲሆን ብቻ ነው የምፈጥነው።

ቦታው ተዳፋት ነው፤ ሁለት የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበረበት። እነሱን ብቻ ለመንቀል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ድንጋዩን ለቅሜ ከአጥሩ ሥር ደረደርኩ፣ ላይኛውን አፈር ወደ ታች ጎትቼ ደለደልኩ፣ ለክረምቱ ውሃ መውረጃ ቦይ አወጣሁ። ፈቃዱ ግን ከጉቶው ባሰ። እንደሚያውቁት ዛሬ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ በገዛ ግቢ አንድ ምሰሶ ለመትከል ቴምብር የተለጠፈበት ማመልከቻ ለቀበሌ ይገባል፣ ኮሚቴ መጥቶ ይለካል፣ ወሰንተኛ ይፈርማል፣ ከዚያ ወረቀቱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል። ትርፍ ቤት ሠራ ተብዬ ያለኝንም እንዳላጣ ስለ ሰጋሁ፣ አንድም ነገር ሳልዘል ደንቡን ልከተል አልኩ።

ተራዬ ደርሶ የቀበሌው ጸሐፊ የሥራው ዓይነት ምንድነው ብሎ ጮክ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አማቴ አቶ ሀብተሥላሴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ወሰንተኛዬ ስለሆኑ ሊፈርሙልኝ ነው የመጡት። እኚህ ሰው የእህታቸውን ልጅ ሸማኔ ቢጠይቃት፣ ለቁጢት በጣሽ አልሰጥም ብለው ሸማኔን ሰድበው ሽማግሌ የመለሱ ናቸው። ያን ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እንግዲህ ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ሲጠብቅ አፌ ላይ የመጣውን ልብስ ስፌት አልኩ። እሱም ጻፈ፣ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

አባቴ፣ እርስዎን የካድኩት ያን ቀን ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የዛሬ ሁለት ዓመት ለጥምቀት ሲመጡ፣ ገና ከአውቶብስ ሳይወርዱ ገበሬ ነኝ ይበሉ ብዬ ለመንኩዎት። አማቴ ስንት በሬ አለዎት ብለው ሲጠይቁዎት እጅዎን ጋቢዎ ውስጥ አስገብተው አንድ ጥማድ አሉ። በሕይወቴ ሲዋሹ ያየሁዎት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ለእኔ ሲሉ። ለጥሩብርሃን ብለው ሠርተው ያመጡትንም ጋቢ ከገበያ ገዝተውልሽ ነው አልኳት። እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አንድ ሳምንት እቆያለሁ ብለው መጥተው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁዎትም፤ አውቀው ነበርና።

ወደ ሥራ ቤቱ ነገር ልመለስ። ልጅ ሳለሁ፣ መጀመሪያ ተቀምጠህ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚመጣ እይ፣ በእግርህ ልክ ቆፍር፣ ምሰሶውን ከዚያ በኋላ ትተክላለህ ይሉኝ ነበር። እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። ኮሚቴው ሊለካ ከመምጣቱ በፊት፣ አፈሩ ዝናብ ሳያገኘው ብዬ እግሬን የምሰድበትን የሸማኔ ጉድጓዴን ቆፈርኩ። ጥሩብርሃን ምንድነው ስትለኝ የመሠረት ነው አልኳት። ዓለም እንዳትገባበት ደግሞ ቆርቆሮ ከደንኩበትና ድንጋይ ጫንኩበት። በዚህ ዘመን በጓሮ ተቆፍሮ የተከደነ ጉድጓድ ምን እንደሚያሳስብ፣ ይመኑኝ አባቴ፣ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልታሰበኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሊቀመንበሩ ጓድ ገረሱ ሽጉጡን ታጥቆ፣ ጸሐፊው ሜትር ይዞ፣ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ አንግተው። አማቴም ለወሰኑ ምስክርነት አብረው ገቡ። ጸሐፊው ርዝመቱን ለክቶ ወርዱን ሊለካ ሲሄድ ቆርቆሮው እግሩን መታው። ገሜዳ የሚባለው ጥበቃ ድንጋዩን አንከባሎ ቆርቆሮውን አነሣው። ጓድ ገረሱ ወደ ታች አየና፣ ይህ ለመሣሪያ ነው ወይስ ለሰው መደበቂያ ብሎ ጠየቀኝ። ጸሐፊው ማመልከቻዬን ገልጦ ልብስ ስፌት ይላል አለ። ልብስ ሰፊ ጉድጓድ ምን ያደርግለታል አለ ሊቀመንበሩ፣ በጣም በቀስታ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤታችን ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ተወሰደ። ሚስቱ ጽጌማርያም በየቀኑ ስንቅ ታደርስለት ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ምግቡን ሳይነኩ መልሰው ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት አላስፈለጋትም። እንድታለቅስ እንኳ አልተፈቀደላትም። እኔ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆሜ የታየኝ ያ የተመለሰው ሰሃን ነው።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ሸማኔ ነኝ፣ የሸማኔ ልጅ ነኝ፣ ጉድጓዱ የእግሬ ነው አልኩ። አማቴ ሲሰሙ፣ ጥሩብርሃን በጓሮ በር ላይ ቆማ ስትሰማ። ጓድ ገረሱ አላመነኝም፤ ሸማኔ ከሆንክ ግባና አሳየን አለ። ዕቃ የለኝም ብለው በባዶ እጅህ አሳየን አለ። ገባሁ። ጫፉ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። የሌለውን መወርወሪያ በቀኝ እጄ ሰደድኩ፣ በግራዬ ተቀበልኩ፣ ረገጥኩ፣ መታሁ፤ እንደገና ሰደድኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድር ሳልነካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ሰዓት ስሜን ቢጠይቁኝ የምመልስ አይመስለኝም፣ እግሬ ግን አልረሳም። አንደኛው ጥበቃ ሳቀ። ዓለም ጨዋታ መስሏት ከእናቷ ቀሚስ ሥር ሆና አጨበጨበች። በቃ እስኪለኝ ድረስ ስሸምን ቆየሁ።

ሊቀመንበሩ ሸማኔ መሆኔን ሳያምን አልቀረም። የያዘኝ በሌላ ነው። ሥራውን የደበቀ ሰው ሌላ ምን እንደደበቀ በምን እናውቃለን አለ። ጉድጓዱን እንዳልደፍነውም እንዳላሰፋውም አዘዘኝ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌ እየቀረብኩ እፈርማለሁ። እስከ ሚያዝያ 15 ቀን ድረስ ከትውልድ አገሬ ገበሬ ማኅበር፣ ሸማኔና የሸማኔ ልጅ ስለመሆኔ ማኅተም ያለበት ማስረጃ ካላመጣሁ፣ ፋይሌ ከቀበሌው በላይ ወዳለው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል። ሲሄዱ ገሜዳ ቆርቆሮውን የሚመልስ መስሎ ወደ ኋላ ቀረና፣ ከዚያች ቀን አታሳልፍ፣ ወደ ላይ የሄደ ፋይል ሲመለስ አላየሁም ብሎኝ ሄደ። እግዜር ይስጠው፣ አስጠንቅቆኛል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እህል አይወርድልኝም።

አማቴ ወጥተው ሄዱ፤ እነሆ ስምንት ቀን ሆናቸው ደጃችንን ሳይረግጡ። ጥሩብርሃን ምሳ ሰዓት ላይ ሳጥኑን ከፍታ ያንን ጋቢ አወጣች፣ ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች ይህን የሠሩት አባትህ ናቸው ወይ አለችኝ። አዎን አልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያውን አስመሰገንከኝ አለችና አለቀሰች። ብትሰድበኝ በቀለለኝ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ለመፈረም ስሄድ ያንን ጋቢ ለብሳ እስከ አጥሩ በር ትሸኘኛለች። እስክመለስም ከዚያ አትነቃነቅም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ይህን የያዘው ወልደ አማኑኤል የመርካቶ ባልደረባዬ ነው፣ ይመኑት። ቢቸና የሚቆየው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ሄደው ማስረጃውን ያጽፉልኝ። ለሥራ ፈቃድ ነው ይበሉ፤ ስለ ጉድጓዱም ስለ ፋይሉም አያንሡ፣ የእኔ ጣጣ ወደ እርስዎ እንዳይሻገር እፈራለሁ። ሸማኔ የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ አይተው ይቀበሉ። በልጅነቴ የሠራሁበት መወርወሪያ ካለ እሱንም ይላኩልኝ፤ ከእንግዲህ አሳየን ቢሉኝ ባዶ እጄን መሆን አልፈልግም። እርስዎ በሥራዎ አፍረው አያውቁም፣ ያፈርኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ያን ያፈርኩበትን ቃል በማኅተም አድርገው ይላኩልኝ ብዬ እለምንዎታለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ የሚያስፈራውን አሳጥራችሁ ንገሯት። እሙዬ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨምሪው። ዓለም አያቴ በሬዎቹን ይዞ መቼ ይመጣል ትላለች፤ በሬ እንደሌለዎት ገና አልነገርኳትም፣ እነግራታለሁ። ጥሩብርሃን፣ ጋቢውን ማን እንደሠራው አውቄአለሁ፣ እጅዎ ይባረክ በልልኝ ብላለች። አማቴ ሰላምታ አልላኩም፤ ልከዋል ብዬ አልዋሽዎትም።

ማስረጃው በጊዜው ባይደርስ፣ እኔም በዚያው ሄጄ ብቀር፣ ስለ እኔ ሰው ሲጠይቅዎት ይህን ብቻ ይያዙልኝ፦ ልጄ ሸማኔ መሆኑን በገዛ አፉ ተናግሮ ነው የሄደው ይበሉ።

ልጅዎ ደመቀ ተክለሃይማኖት
አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
መጋቢት 24 ቀን 1970 ዓ.ም.