የእሁድ ተራ

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ውርጭ። የቧንቧው ውኃ እጄን አደነዘዘው። ሰባት ሰው አየሁ። ሁለቱ መድኃኒታቸውን አቋርጠው የመጡ... "ተሻለኝ ብዬ ነው" ይላሉ። ስንቴ ልንገራቸው?

ከሰዓት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሐብታሙ ቅጽ ይዞ ገባ። የአረጋውያንን የአእምሮ ጤና ለሚያግዙ ሰዎችና ፕሮግራሞች ዞኑ እውቅና ሊሰጥ ነው አለ። እስከ ኅዳር 30 ይግባ ተብሏል። "ያንቺን ቤት ለቤት ጻፊያ፤ ከሱ የተሻለ የት አለ?" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ስለፋ አንዲት ወረቀት አላገኘሁም። ደባርቅ ላይ ፊት ለፊት "ሲስተር ስመኝ" ይሉኛል፣ ዞር ስል "የእብዶቹ ሲስተር"። እስቲ አሁን ይበሉ።

ቤት ለቤት ማለት ከቤት የማይወጡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በሳምንት ሁለት ቀን እየዞርኩ ማየት ነው። ሠላሳ አንድ ናቸው። ቅጹ ቁጥር ይወዳል። ቁጥር አለኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

የኔታ ቃለ አብ ዘንድ ዋልኩ። መሪጌታ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው። የሰፈሩን ግማሽ ዳዊት ያስደገሙ። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ግን አልቻሉትም። መጀመሪያ ቤት ዋሉ። ቀጥሎ አልጋ ላይ ዋሉ። ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እንቅልፍ እንዴት ነው ስላቸው ተመስገን። ምግብስ? ተመስገን። ለግድግዳው ነው የሚመልሱት። ልጃቸው ታንጉት በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች።

የሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው ግን አልረሷቸውም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተሰብስበው ሲቀምሱ፣ የየኔታን ድርሻ ዳቦና ጠላ ቤት ድረስ ይልካሉ። የታመመ ሰው ድርሻው አይቀርበትም፤ ወጉ ነው። ደግ ሕዝብ።

መዝገቡ ላይ "ታይተዋል" ብዬ ጻፍኩ። ስድስተኛ ጊዜ። መድኃኒት ከጀመሩ ሁለት ወር ሆናቸው፣ ለውጡ ግን... ደግነቱ ይኼን ቅጹ አይጠይቅም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ታንጉት እየሮጠች መጣች። ሞቱ ብዬ ክው አልኩ።

"አባዬ ሰንበቴ ሄዱ" አለችኝ።

ትናንት ድርሻውን እንዲያደርስ የተላከው ቢራራ ነበር፣ ለቱሪስት በቅሎ የሚያከራየው። አውቀዋለሁ፣ ምላሱ ያልተገራ ሰው ነው። ዳቦውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመና አልሰጥም አለ። እኔ ዳቦ አላደርስም፣ ባለዳቦውን ነው የማደርሰው ብሎ ሄዶ በቅሎዋን ጭኖ መጣ። የኔታ በቃሬዛ አልወጣም ብዬ የለም እንዴ ብለው ተቆጡ።

"ማን ቃሬዛ አለ፣ የኔታ? በቅሎ ነው" አላቸው።

 እዚህ ላይ ጥምጣማቸውን ጠየቁ ትላለች።

በተሰበረ ዳሌ በቅሎ! ቢወድቁስ? ማንን አስፈቀደ? ደሜ ፈላ። እሁድ ሄጄ ልኩን ነው የምነግረው።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

ልቆጣው ሄጄ ነበር።

ኮርቻው ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ ደርቦበታል። ከደጃቸው ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ሁለት ጎረቤት ደግፎ አስቀመጣቸው። ልጓሙን ይዞ በርጋታ ወጣ። እኔ ከኋላ። መንገደኛው ሁሉ ይቆማል። ባጃጅ ሳይቀር ቆመ። እንዴት ሰነበቱ የኔታ፣ ይመርቁኝ የኔታ... ከላይ ሆነው ይመልሳሉ፣ ይመርቃሉ።

ሰውን በቃሬዛ ሲያሳልፉት "እግዜር ይማረው" ነው የምንለው። በበቅሎ ሲያልፍ እጅ እንነሣለን። በበቅሎ ላይ ያለን ሰው ማን ታማሚ ይለዋል? ይኼን በየትኛው ሥልጠና አስተማሩኝ? በየትኛውም።

ሰንበቴ ቤት አንዱ ዲያቆን ዜማ ሳተ። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት መታ አደረጉና "መልስ!" አሉት። ከአፋቸው ተመስገን ያልሆነ ቃል ስሰማ በስድስት ወር የመጀመሪያዬ ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ቢራራ ግን አልተቀመጠም። ወዲያው ተመልሶ ወርዶ እማማ ፋንታዬን አመጣ። እሳቸውም ከእኔ መዝገብ ናቸው። እሳቸውም "ታይተዋል"።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ቢራራን ገበያው ዳር አገኘሁት። ምን አስጀመረህ አልኩት። መጀመሪያ ቀለደ፤ ፈረንጅ ስትሸከም የኖረች በቅሎ አንድ መሪጌታ ይከብዳታል ወይ አለኝ። ከዚያ የበቅሎዋን አንገት ማሻሸት ጀመረ።

"አባቴ ሲታመም ሰንበቴው እሁድ እሁድ ድርሻውን ይልክለት ነበር" አለ። "እኔ እንግዳ ይዤ ተራራው ላይ ጊች እያደርኩ ስመለስ በላህ ወይ እለዋለሁ። በላሁ ይለኛል። የሞተ ዕለት አልጋውን ሳነሳ፣ ሲስተር፣ ከሥሩ የሰባት እሁድ ዳቦ ደርቆ አገኘሁ።"

 

የእኔ "ታይተዋል" ሁሉስ... የማን አልጋ ሥር ደርቆ ይሆን?

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ለራሴ አልዋሽም፤ ቅናት ያዘኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁት እኔ፣ መፍትሔው የበቅሎ ነጂ። ሁለት ቀን ሙሉ ቅጹን አወጣሁ፣ መለስኩ። ዛሬ ጻፍኩት። ቢራራ። ስሙን ስጽፍ ቀለል አለኝ።

የቀረውን ግን ከየት ላምጣው? የፕሮግራሙ ስም። ኃላፊ ተቋም። ማኅተም። ሐብታሙ ቅጹን አንብቦ መለሰልኝ። በቅሎ ፕሮግራም አይደለም አለ። ያለ ተቋም አይቀበሉም፣ የጤና ጣቢያውን ማኅተም ደግሞ በማያውቀው በቅሎ ላይ አያሳርፍም። ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀት ፈሪ ነው።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ይኼን ደግሞ ዛሬ ሰማሁ። ቱሪስት የሚመጣበት ፓርክ ውስጥ የሚሠሩት በቅሎ አከራዮች ማኅበር አላቸው፤ ሥራ በተራ ነው። ተራውን የዘለለ ለሚቀጥለው እሁድ ይዛወራል። ሦስት ጊዜ ከዘለለ ይሰረዛል። ቢራራ በየኔታ ምክንያት ሁለት ጊዜ ዘሏል። ለመጪው እሁድ ስሙ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ መዳረሻ ጊች። ከተሰረዘ በቅሎዋን ምን ያበላታል? ይሸጣታል። እሷ ከተሸጠች የኔታ ወደ ግድግዳው...

ታዲያ በሌላ ቀን አታመጣቸውም ወይ አልኩት። ሰንበቴ ማክሰኞ ነው እንዴ አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጅል ጥያቄ ጠየቅኩ። ተራ ተለዋወጣ አልኩት። እሁድ እንግዳ የሚበዛበት ቀን ነው፣ ማን ይለቅልኛል አለ። ይሰርዙኝ አለ፣ እንደ ቀልድ። ዓይኑ ግን አልቀለደም።

"አይሰርዙህም" አልኩት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ግን ብያለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኪዳኑ ዘንድ ሄድኩ። ቁጡ አይደለም፣ ደረቅ ነው። ለአንዱ ከላላሁ ለሁሉም ልላላ ነው አለ። በዚያን ቀን ሥራ ላይ ነበር የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ካመጣሽ አያለሁ አለ።

ማኅተም! ሐብታሙ ያለ ማኅተም ቅጽ አይገባም ይላል፣ ኪዳኑ ማኅተም አምጪ ይላል። በሁለት ማኅተም መሃል ሰው ሊሞት ነው።

ተመልሼ ሐብታሙን ለመንኩ። እምቢ። ቅዳሜ ማኅበሩ ስብሰባ አለው። ሳይጠሩኝም ቢሆን እገባለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

የኔታን አይቼ መጣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቢራራን ተራ፣ ማኅተሙን፣ እሁድን። ለታማሚ ጭንቀት አይጨመርም ተብለን ነው የተማርነው። እኔ ግን ነገርኳቸው። ጉዳዩ የሳቸው አይደለም እንዴ?

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

ኪዳኑ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው መደቡን በመቋሚያቸው እያመለከቱ እዚህ ላይ ነው ዳዊት የደገመው አሉ። 

"ነገ ቢራራ ይምጣ። አንቺም ያን ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ።"

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

 ሁሉንም ልጻፍ።

ስብሰባው ደጅ ነበር፣ የተራው ጥቁር ሰሌዳ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር። ሠላሳ የሚሆኑ አከራዮች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የኔታ ጥምጣማቸውን አሳምረው በበቅሎ መጡ፣ ቢራራ ልጓሙን ይዞ። ሁሉም ብድግ። ኪዳኑ እጅ ነሥቶ እርካቡን ያዘ። እንዲወርዱ መስሎታል። አልወረዱም።

ደንባችሁ ምን ይላል አሉት። ሦስት ጊዜ ተራውን ያጠፋ ይሰረዛል አለ። አጠፋ ማለት ምን ማለት ነው? በቅሎው ሥራ ፈቶ የዋለ ማለት ነው፣ የኔታ።

"ይቺ በቅሎ ሥራ ፈት ናት?"

ኪዳኑ አንገቱን ደፋ። አንዱ ከኋላ፣ የእንግዳ ሥራ ማለታችን ነው፣ እሁድ ሁላችንም ቀርተን ሽማግሌ ብናመላልስ ማን ይሠራል አለ። ደፋር ነው፣ ግን ነውር አልተናገረም። የኔታም አልተቆጡትም።

"ሁላችሁ አላልኩም። አንድ በቅሎ ብቻ" አሉ። "ያ ሰሌዳ መዳረሻ የሚል አለው። ሳንካበር አለበት፣ ጊች አለበት፣ ጨነቅ አለበት። ሰንበቴ ብለህ ጨምር። እኔም የምሄድበት አለኝ፣ ኪዳኑ።"

  ደርቤ የሚባለው ሽማግሌ አከራይ ተነሣ። እኔም ነገ ዛሬ ከዳገት በታች ነኝ፣ ጻፈው አለ። ሌሎቹም ጻፈው፣ ጻፈው አሉ። ሁሉም አላሉም፤ የሚበቃ ያህል ግን አሉ።

ኪዳኑ ጠመኔውን አነሳ። ቀን፦ እሁድ እሁድ። በቅሎ፦ የቢራራ። መዳረሻ፦ ሰንበቴ።

እኔም ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ማኅበሩ ማኅተም አለው ወይ አልኩት። አለው! ክብ፣ መሃሉ ላይ የበቅሎ ጭንቅላት። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ አወጣ። ኃላፊ ተቋም፦ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር። የፕሮግራሙን ስም ባዶ ትቼው ነበር። ሰሌዳውን አየሁና ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፦ የእሁድ ተራ። ኪዳኑ ማኅተሙን እፍ ብሎ አሳረፈው።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ቅጹ ገባ። ሐብታሙ የበቅሎዋን ጭንቅላት አይቶ እስኪያስለው ሳቀ። መሸኛውን ግን ጻፈልኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ከሠላሳ አንዱ ሰው አሥራ አራቱ እሁድ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ በእግራቸው፤ በቅሎ ሲመጣ አይተው "እኔስ ምን ሆኜ" ብለው። መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውን አላቋረጥኩም። የኔታም እየወሰዱ ነው፤ በቅሎ ኪኒን አይተካም። ፈጽሞ መንቀሳቀስ የማይችሉ አራት አሉ። እነሱ ዘንድ ዳቦዬን ይዤ እገባና አብሬ እቀምሳለሁ። መዝገቡ የማይጠይቀው ሥራ ነው። ይቅር፣ አይጠይቀኝ።

ቤት ስገባ አሁን መጀመሪያ የማየው አልጋ ሥር ነው።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ተመረጠ! የእሁድ ተራ፣ ቢራራ። እውቅናው ዳባት አዳራሽ፣ ታኅሣሥ 19። እሁድ ነው... ከቀን ሁሉ እሁድ? ቢራራ ሰምቶ ተራዬ ነው፣ አልሄድም አለ። ሰው ይስቃል፣ እሱ የምሩን ነው።

ታኅሣሥ 19፣ እሁድ

ሄደ። ኪዳኑ ነው ያስኬደው፤ ተራህን እኔ እሸፍናለሁ ብሎ። ኮት እንኳ የኪዳኑን ነው የለበሰው፣ እጅጌው አጥሮታል። እኔም ተጠርቼ ነበር። ሰንበቴ ቀረሁ።

ሊቀመንበሩ በገዛ እጁ ልጓም ይዞ የኔታን አወጣ። እሳቸው ከላይ ሆነው አትጎትታት፣ ቀስ በል ይሉታል፣ እሱ እሺ የኔታ፣ እሺ የኔታ... ቀጥሎ እማማ ፋንታዬን። ቀጥሎ ሌሎች ሁለት። ላቡ በጀርባው ወረደ። ቢራራ ይኼን ሁሉ ብቻውን ነበር ወይ አለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቢራራ በሚኒባስ ደረሰ። የምስክር ወረቀቱን እንደ ዱላ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። እንዴት ነበር ስለው፣ ንግግር በዛ አለኝ። የኔታ አጠገባቸው ያለውን መደብ በእጃቸው መታ መታ አደረጉለት።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሲያመላልስ፣ ቢራራ ሰንበቴው ላይ አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም።

ተቀመጠ። ድርሻው ተቀምጦለት ነበር። ቤቱ ይላክለት ያለ ሰው አልነበረም። ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለና ለረጅም ጊዜ አየው። የኔታ "ብላ፣ ልጄ" አሉት።

በላ። እስከ ፍርፋሪው።