እስከ ሐሙስ አንዱ ይነሣልኝ

ቀን፦ ሰኞ፣ ግንቦት 11

ለውኃ ጉድጓድ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቢሮአቸው
(በእጅ የሚሰጥ፤ በመዝገብ ቤት በኩል የማያልፍ)

ጉዳዩ፦ በላፕቶፔ ላይ ከተጫኑት ሁለት የገመድ አልባ ግንኙነት ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች አንዱ ከሐሙስ ጠዋት በፊት እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በመሥሪያ ቤትዎ የካርታ ክፍል ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያገለገልኩ፣ በማኅደሬ ውስጥ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያልገባብኝ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ከዚህ በታች የማቀርበውን ሲያነቡ “ይህችን ሴት ምን ነካት?” ማለትዎ ስለማይቀር፣ ከአሁን በፊት የነበርኩትን ሰው እንዲያስታውሱልኝ ብዬ ነው። አሁንም ጤነኛ ነኝ። ትንሽ ደስ ብሎኝ ብቻ ነው። “ትንሽ” ያልኩትም ለአቤቱታ ወግ ስል ነው።

2. የእኔ ላፕቶፕ እንደ ሌሎቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚውል አይደለም። በመስክ ያሉ ቆፋሪዎች አሮጌ ጉድጓድ የት የት እንዳለ ሲጠይቁ፣ ላፕቶፑን ታቅፌ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤቱ የካርታ መጋዘን እወርዳለሁ። መሳቢያውን ስቤ ካርታውን በካሜራው ፊት እዘረጋለሁ፤ እነሱም እዚያው ድንኳናቸው ውስጥ ሆነው ያዩታል። ፎቁ የራሱ ገመድ አልባ መስመር አለው፤ ኮሪደሩም የራሱ፤ ምድር ቤቱም የራሱ። ስለዚህ እየሄድኩ ሳለ አንዱን መስመር ለቆ ሌላውን በጊዜው የሚይዝልኝ ፕሮግራም ያስፈልገኛል። ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣው ፕሮግራም ግን ደረጃው አጋማሽ ላይ ስደርስ መስመሩን ይለቅና በዚያው ይቀራል።

3. ይህንኑ በማመልከቴ ክቡርነትዎ ባለፈው ዓመት ሰባት አባላት ያሉት የፕሮግራም መራጭ ኮሚቴ አቋቋሙ። እኔም ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ኮሚቴው አምስት ወር ሙሉ ተሰበሰበ፤ በመጨረሻም ሁለት ፕሮግራሞች ለውድድር ቀረቡ።

አንደኛውን ያመጣው ሁላችንም “ረጅሙ” የምንለው የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው። ይህ ፕሮግራም ያሉትን መስመሮች በዝርዝር ያሳያል፤ አንዱን ሲነኩት ይገናኛል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። “ፈጣኑ” አልነው። ሁለተኛውን ያቀረቡት የውኃ መረጃ ክፍል ኃላፊዋ ናቸው፤ እሳቸውን በሌሉበት “እመት ደንብ” እንላቸዋለን፤ እዚህ በመጻፌ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ስሙ እንደሆነ ከደረሳቸው ቆይቷል። የእሳቸው ፕሮግራም የትኛው መስመር ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የቱ በራሱ እንዲያያዝና የቱ ተጠይቆ እንደሆነ አስቀድሞ እንዲነገረው ይፈልጋል። እሱን “ጥንቁቁ” አልነው። እኔ የፈጣኑ ወገን ነበርኩ። በአንድ ስብሰባ ላይ “ከጥንቁቁ ጋር ለመገናኘት ዋስ መጥራት ሳያስፈልግ አይቀርም” ብዬ ቤቱን አስቄአለሁ። እመት ደንብ አልሳቁም።

4. ሁለቱም ወገን አልበገር አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ እንደሚያውቋቸው ሰው ሲያኮርፍ ማየት የማይችሉ ሰው ናቸው። በመጨረሻው ስብሰባ መነጽራቸውን አውልቀው “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ነው የሚባለው። ሁለቱም ይጫኑና እንረፍ” አሉ። ሁላችንም እፎይ አልን። “ሁለቱም ፕሮግራሞች በሁሉም ላፕቶፖች ላይ እንዲጫኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል” ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሥሩም በማስመሪያ አሥምሬበታለሁ። ስለዚህ ይህ አቤቱታ የቀረበው በገዛ እጅ ጽሑፌ ላይ መሆኑን ከወዲሁ አምናለሁ።

5. ፕሮግራሞቹ ከተጫኑ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። የሌሎቹ ላፕቶፖች በገመድ ስለሚሠሩ ማንም ያስተዋለ የለም። የእኔ ግን ያለው አንድ የገመድ አልባ መቀበያ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ፕሮግራሞች ደግሞ ከእኔ በላይ አዛዥ የለም ባዮች ናቸው። ፈጣኑ መስመር ይይዛል። ጥንቁቁ “ይህን ማን ፈቀደ?” እንደማለት ያቋርጥና በራሱ ቅደም ተከተል ያገናኛል። ፈጣኑ ግንኙነት ጠፋ ብሎ ይደነግጥና መልሶ ይቀማል። በስክሪኑ ግርጌ ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ “ተገናኝቷል” ሲል ሌላው “ተቋርጧል” ይላል። የማየውን መመዝገብ ልማዴ ነውና ባለፈው ዓርብ ደብተር ይዤ ብቆጥር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ተቀማምተዋል። ሁለት ባላ ተክለን ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነናል።

6. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን ዙሪያውን ስዞር ቆይቻለሁ። የሦስተኛው ቁፋሮ ቡድን መሪ ላለፉት ሁለት ዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ካርታ ሲጠይቁኝ የኖሩ ሰው ናቸው። የካምፓቸው ቦታ ስልክ አይደርሰውም። ያለው በዲሽ የሚመጣ አንድ መስመር ሲሆን፣ እሱም ከመሥሪያ ቤታችን በቀር ከማንም ጋር አይገናኝም፤ ለቡድኑ የተመደበችው ሰዓትም ሐሙስ ከአራት እስከ አምስት ብቻ ናት።

ሥራው ብዙ ጊዜ ከሰዓቷ በፊት ያልቃል። የተረፉትን ደቂቃዎች መጀመሪያ ስለ ውኃ እናወራባቸው ነበር። አዲስ ጉድጓድ ውኃ ሲወጣው ቀድሞ የሚቀምሰው እሱ ነው (ከዚህ በኋላ “እሱ” ብል ድፍረት አይሁንብኝ)፤ ይጣፍጥ፣ ይጎምዝዝ፣ ብረት ብረት ይበል፣ ሁሉን ይነግረኛል። ስለ ውኃ ጣዕም ይህን ያህል የሚወራ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት አንዱን ካርታ ሦስት ሐሙስ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም ሦስቴ አወጣሁለት። ሁለታችንም ልብ ያልን አንመስልም ነበር። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው፤ ይህን መሰሉን ጉዳይ ተዘግቷል ብዬ በልቤ መጋዘን ካስቀመጥኩት ቆይቷል።

7. ባለፈው ሐሙስ፣ ለአምስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ “እርስዎ” ሲለኝ የኖረ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ “አንቺ” አለኝ። ቃለ ጉባኤ መያዝ ሥራዬ ነውና ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ፦

“ቁፋሮው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ያለኝ የኪራይ ክፍል ነው፤ ቤት አይባልም። አንቺ ያለሽበት ልምጣ? እንጋባ?”

እኔም መለስኩ። ባጭሩ፣ በአንድ ቃል፣ ካርታዎቹ እስኪሰሙ ድረስ ጮክ ብዬ መለስኩ። አፌን ስከፍት ግን ጥንቁቁ ፈጣኑን አቋረጠው። ምስሉ ቆመ። ባርኔጣው በእጁ እንዳለ፣ አንድ ዓይኑ በግማሽ ተከድኖ፣ ያ ደረቅ ፊቱ እንደ ጉርድ ፎቶግራፍ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ሰዓቱ እስኪያልቅ፣ ካለቀም በኋላ፣ እሱን እያየሁ ተቀመጥኩ። መልሼለት ይሁን፣ ወይስ ላፕቶፑን ዘግቼበት ተነሥቼ ሄጄ ይሁን የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል። ከዚያ ደግሞ ጥያቄው ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ የበሩ ጥበቃ ሁለት ጊዜ ደህና መሆኔን ጠይቆኛል። ዓርብ ዕለት የመተላለፊያውን ትልቁን ካርታ ገልብጬ ሰቅዬው ወንዙ ሽቅብ ሲፈስ ዋለ። አብሬያቸው የምኖረው ወንድሜና ሚስቱ ናቸው፤ ለሚስቱ የተጠየቅሁትን ብቻ ነገርኳት፤ እሷ ልብስ ሰፊ ናትና መልሱን ሳትጠይቀኝ ሜትሯን አውጥታ ወገቤን ለካች።

8. “ለምን በጽሑፍ አትልኪለትም?” ይሉኝ ይሆናል። ወደ ካምፑ የሚሄድ ጽሑፍ ሁሉ በመዝገብ ቤት ያልፋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ለአምስት ክፍሎች ግልባጭ ይደረጋል። ይህን መልስ ለግዥ ክፍል በግልባጭ ማሳወቅ አልፈልግም። በገመድ ልገናኝ እንዳልል ምድር ቤቱ ገመድ የለውም፤ ገመድ ባለበት ፎቅ ላይ ሆኜ ብመልስ ደግሞ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

“ታዲያ ምን ያስቸኩላል?” እንዳይሉኝ ደግሞ፣ ቡድኑ በዚህ ሳምንት ዓርብ መሣሪያውን ነቅሎ ዲሽ ወዳልተተከለበት ቦታ ይጓዛል፤ የሚቆየውም አራት ወር ነው። እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። መሬቱ ዝም ካለው ደረቅ ጉድጓድ ላይ ሁለተኛ ቀን የሚቆም ሰው አይደለም፤ ሰው ሳይወቅስ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። የእኔንም ዝምታ እንደዚያው እንዳይቆጥረው እፈራለሁ። ከዚህ ሐሙስ ሌላ ሐሙስ የለኝም።

9. ወደ ክቡርነትዎ ከመምጣቴ በፊት በር አላንኳኳሁም አይባልም። ረጅሙ ዘንድ ሄድኩ፤ በሁለት ደቂቃ አነሣልሻለሁ አለኝ፤ የሚያነሣው ግን ጥንቁቁን ነው። እመት ደንብም አላሳፈሩኝም፤ ቅጽ አስሞልተው በደስታ እንደሚያስነሡልኝ ነገሩኝ፤ እሳቸው የሚያስነሡት ደግሞ ፈጣኑን ነው፤ ቅጹን የሚፈጽመው ግን ያው ረጅሙ ነው፣ እሱም ያለ እርስዎ ትእዛዝ ፈጣኑን አልነካም ብሏል። ሁለቱም የየራሳቸው እንዳይነካ ያንኑ ያሠመርኩበትን ውሳኔ ጠቀሱብኝ። ሰብሳቢው ዕረፍት ላይ ናቸው፤ የሚመለሱት ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

10. እንግዲህ የቱ ይነሣ ለሚለው፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። በውድድሩ ጊዜ ሁለቱም በየተራ ለአንድ አንድ ሳምንት ላፕቶፔ ላይ ተሞክረዋል። ፈጣኑ የፎቁን መስመር እንደያዘ ሙጭጭ ይላል፤ እኔ ምድር ቤት ደርሼ ካርታ ስዘረጋ እንኳ ያችኑ የደከመች መስመር እየጎተተ ይከተለኛል። ጥንቁቁ ግን “መጀመሪያ ምድር ቤቱን፣ ቀጥሎ ኮሪደሩን፣ ከዚያ ፎቁን” ብዬ አንዴ ከነገርኩት በኋላ፣ ደረጃውን ሳልጨርስ መስመሩን ይቀይርልኝ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቼ በቃለ ጉባኤው ላይ “ሁለቱም አጥጋቢ ናቸው” ብዬ አለፍኩት። አድልዎ ነበር። በቀልድ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበርና ዋጋው ለራሴው ደረሰኝ።

11. ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ/ ፈጣኑ ከእኔ ላፕቶፕ ላይ እስከ ረቡዕ ማታ እንዲነሣና ጥንቁቁ ብቻውን እንዲቀር። እመት ደንብ ይህን ሲሰሙ የሚስቁት ሳቅ ከአሁኑ ይሰማኛል፤ ይሳቁ፤ ይገባቸዋል።

ለ/ ትእዛዙ ለረጅሙ ሲጻፍ ምክንያቱ እንዳይጠቀስ። “ለሥራ ቅልጥፍና” ቢባል ውሸት አይሆንም።

ሐ/ ከኮሚቴ ውሳኔ ውጭ ማዘዝ የማይቻል ከሆነ፣ በአንዲት መስመር የእጅ ጽሑፍዎ ለእኔ ብቻ እንዲፈቀድልኝና ኃላፊነቱን እኔው እንድወስድ። በዚህም ሆነ የመሥሪያ ቤቱን መስመር ለግል ጉዳይ በማዋሌ ቅጣት ካለ፣ ዓርብ ጠዋት ፈርሜ እቀበላለሁ።

12. ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ አንብበው፣ “መልሷ ምን እንደነበር ግን የትም አልተጻፈም” ይሉ ይሆናል። ረስቼው አይደለም። ለወንድሜም ለሚስቱም አልነገርኩም። አንድ ጊዜ ከአፌ ወጥቶ የተጠየቀበት ቦታ ሳይደርስ ቀርቷል፤ አሁን እሱ ሳይሰማው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲያነበው ልቤ እምቢ አለኝ። ሐሙስ ልክ በአምስት ሰዓት ከምድር ቤት ስወጣ በቢሮዎ በር በኩል አልፋለሁ። በሩ ክፍት ከሆነ ፊቴን አይተው ያውቁታል።

ከሰላምታና ከብዙ ጥድፊያ ጋር፣

(ፊርማ)
የካርታ ክፍል ሠራተኛ