እናትህ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጠመዱ

ሰይዴ፣ የኔ ጌታ፣

መቃብርህ ላይ ስመጣ እንደማደርገው በሰላምታ ልጀምር፤ ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ሊወጣ ነው። ዞብል ተራራ ላይ ደመናው እየሳሳ ነው፤ ማሽላው ሰው መሰወር ጀምሯል። ሌላ ጊዜ በልቤ ሳወራህ እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። ዛሬ ግን ልፎክርልህ ነው የተቀመጥኩት። ሄድን፣ ሰይዴ! ሐይቅ ድረስ ሄድን። መኪናዋን የነዳኋት እኔ ነኝ። እናትህ ደግሞ ዓሣ አጠመዱ። አዎ፣ እናትህ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተ ወሬ ከመሀል ሲጀመር አትወድም።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን ሰሚራ መስከረም ሲጠባ አሥረኛ ክፍል ትገባለች፤ ቁመቷ እኔን አልፎ ወዳንተ እየሄደ ነው። ከወልድያ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ለብሷል፤ ያ ሲያስነጥስህ የኖረ አቧራ የለም። ከተማውን ባጃጅ ሞልቶታል። አውቶቡስህን ጓደኛህ በላይ ይዞታል፤ ከደሴ ሲመለስ በራችን ላይ ክላክስ ሳያሰማ አያልፍም። መጀመሪያ ሰሞን አንተ የመጣህ እየመሰለኝ ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም የዘገየ ቀን ደጅ ወጥቼ አያለሁ።

ግንቦት በገባ ቁጥር የምታደርገውን መቼም አልረሳውም። እራት እንደበላን ምንጣፉ ላይ ያለውን ሁሉ ታነሳና መንገዱን ትዘረጋልን ነበር። ክብሪቱ ጎብዬ፣ የሰሚራ ጫማ ወልድያ፣ ሎሚው መርሳ። ትራሱን ታቆምና የውጫሌ ዳገት ነው ትለናለህ። መጨረሻ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልተህ ታስቀምጥና «ይኸው ሐይቅ! እዚህ እናርፋለን፤ እዚህ መንጠቆ እንጥላለን፤ እዚህ ዘሀራ ዓሣ ትጠብሳለች» እያልክ በጣትህ ታሳየናለህ። ሰሚራ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ «ዓሣው ነከሰኝ!» ብላ ስትጮህ የሳቅከው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ዓመቱን ሙሉ በዚያው መንገድ ስትመላለስ እየኖርክ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ለሽርሽር ለምን እንደምትመኘው ጠየቅኩህ። «ሹፌር መንገድ እንጂ አገር አያይም» አልከኝ። «እኔ የማውቀው ጉድጓዱን፣ ኩርባውንና ድንገት የምትሻገረዋን ፍየል ነው። አንድ ክረምት አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አገሬን አያለሁ።»

መንዳት ያስተማርከኝም ለዚያ ነበር። ማሽላው ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን አሮጌዋን አረንጓዴ ፒካፕ ይዘን እንወጣለን። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለቀው መኪናዋ እንደ ጥጃ ትፈናጠራለች፤ አንተ አንድም ቀን አልተቆጣኸኝም። «ቀስ በይ፣ ማሳው የትም አይሄድም» ትለኝ ነበር።

ክረምቱ ግን አልሆንልህ አለ። አንዱን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ዘር ያዘን። አንዱን ዓመት ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው። አንዱን ዓመት የዘመድ ሠርግ መጣ። አንዴ መርሳ ድረስ ደርሰን ናዳ ወርዷል ሲሉን ማንጎ በልተን ተመለስን፤ አንተ ግን «ግማሹን አየነው፣ ግማሹ ለከርሞ» እያልክ እያፏጨህ ነዳህ። ዓሣውንም ቢሆን ቤት ልታመጣልን ሞክረሃል። በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለህ አውቶቡሱ ላይ ጭነህ ስትመጣ የቆላው ሙቀት ቀደመህና ጎብዬ ሳትደርስ ሸተተ። ተሳፋሪው «ወይ እኛ እንውረድ ወይ ዓሣህ ይውረድ!» አለህ። ባዶ እጅህን ገብተህ ይህን ስትነግረን እናትህ «እሰይ! የታባቱ፣ የውሃ ነገር ቤቴ አይገባም» ማለታቸው ትዝ ይልሃል?

ከዚያ ታመምክ። የበሽታህን ነገር አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አልደግመውም።

ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበትን ጊዜ፣ ዒዳዬን ጨርሼ ስወጣ ወንድምህ ሁሴን መጣ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ታውቃለህ። «መኪናዋ ቆማ ከምትዝግ ሰው ቀጥሬ ሽንኩርት ላመላልስባት፤ አንቺ ምን ታደርጊያታለሽ?» አለኝ። «እነዳታለሁ» አልኩት። ሳቀ። በንቀት አልነበረም፤ የምር ቀልድ መስሎት ነው። ያ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ የነበሩት እናትህ ቀና አሉ።

«ሁሴን፣ ወንድምህ ያስተማራትን አንተ ልታስረሳት ነው? ተዋት!»

በቃ፤ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። እናትህ አንዴ ከተናገሩ ሁሴን እንደማይደግም ታውቃለህ።

በላይ፣ አላህ ውለታውን ይክፈለው፣ በእረፍት ቀኑ እየመጣ ያስለማምደኝ ጀመር። የሰፈሩ ሰው ደጅ ደጁን እየወጣ ያየኛል። አንዳንዱ «የሰይድ ሚስት ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ» አለ አሉ። መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት ወልድያ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ስፈተን ወደ ኋላ እየነዳሁ የተተከለውን እንጨት ገጨሁና ወደቅኩ። ያን ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ስመለስ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ ሮቢት እስክንደርስ አለቀስኩ። ቤት ስገባ እናትህ አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ «መቼ ነው ደግሞ የምትሄጂ?» አሉኝ። ሁለተኛው ላይ እንጨቱን በእጅ ርቀት አልፌው ቆምኩ። ፈታኙ «ማን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ። «ባለቤቴ» አልኩት። «ጥሩ ሹፌር ነው» አለ። ነው አለ እንጂ ነበር አላለም። እኔም አላረምኩትም።

የዘንድሮውን ጉዞ ያቀዱት ማን መሰሉህ? እናትህ ናቸው! ገና ሰኔ ሳይገባ «እኔ ከዋጃም ወዲያ፣ ከጎብዬም ወዲያ አገር አላውቅም። ልጄ ስንት ዓመት ያወራለት ውሃ ካለ ሳልሞት ልየው» አሉ። ሰሚራ መንገዱን በደብተር ወረቀት ሳለች። እኔ ጎማውን አስነፋሁ፣ የራዲያተሩን ቱቦ አስቀየርኩ። አንተ ከደሴ ገዝተህ አልጋ ሥር ያኖርካቸውን መንጠቆና ክር አወጣን። እናትህ ለመንገድ የሚሆን ቂጣና በሶ አዘጋጁ። «ዓሣው እምቢ ቢል ጾማችንን አናድርም» እያሉ ነው።

ሐምሌ ውስጥ፣ የንጋቱን ሶላት ሱብሒን ሰግደን ተነሳን። ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን፤ ሰሚራ መሀል፣ እናትህ መስኮቱ ጋ። አንተ የተመኘሃትን ቦታ እናትህ ያዟት። ሮቢት እስክንደርስ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። እናትህ የውጩን እያዩ «ይቺ የማን ማሳ ናት? ያ ግመል የማን ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ አንድም አላየሁም። ያኔ ሰይዴ፣ ሹፌር አገር አያይም ያልከው ገባኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ጎብዬ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ከሻይ ቤቱ በረንዳ አንድ ሰውዬ ወደ ጋቢናው አሻግሮ እያየ «ሹፌሩ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። እናትህ ምርኩዛቸውን ይዘው እየወረዱ ነበር። «ሹፌሯ ይቺውልህ! ዓይንህን ምን ጋረደው?» አሉት። በረንዳው በሙሉ ሳቀ፤ ሰውዬው ራሱ ተነስቶ ወንበር ለቀቀልን፣ ሻያችንንም እሱ ጋበዘን።

የአላውሃ ወንዝ ሞልቶ ቡና መስሎ ይወርድ ነበር፤ በድልድዩ አለፍነው። ወልድያን አለፍን። መርሳን ስናልፍ ልቤ ፈራ፤ ከዚያ ወዲያ በተሳፋሪነት እንጂ በሹፌርነት አላውቀውም። ዳገቱ ላይ ጉም ወረደብንና የፊቱ የጭነት መኪና መብራት ብቻ ቀረ። የሞተሩ ሙቀት መርፌ ሲወጣ ዳር ይዤ ቆምኩ። «ትኩስ ራዲያተር አይከፈትም፣ እንደ ተቆጣ ሰው ይተፋል» ያልከኝን አስታውሼ እስኪበርድ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ከጀሪካኑ ውሃ ጨመርኩ። ሰሚራ ድንጋይ ከጎማው ሥር አድርጋ ቆማለች። እናትህ ዱዓ ያደርጋሉ።

ገና ሞተሩን ሳስነሳ ከላይ ከጉሙ ውስጥ ክላክስ ሰማሁ። አወቅኩት። አውቶቡስህ ነው! በላይ ከደሴ እየወረደ ነበር። ጎናችን ሲደርስ ቀስ አለና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ተሳፋሪው ዞረ፣ «እዩልኝ! የሰይድ ባለቤት ናት! ውጫሌን ወጣችው!» ብሎ ጮኸ። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። ሴቶቹ እልልታቸውን ለቀቁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ መኪናዋ ያወጣችኝ ሳይሆን እልልታው የገፋኝ ይመስለኛል።

ሐይቅ ስንደርስ ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ውሃው ተዘርግቶ ታየ። እናትህ ከመኪናው ወርደው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ያ አላህ! ይህ ሁሉ ውሃ እዚህ ተኝቶ ነው እኛ ራያ ላይ ሰማይ ሰማይ የምናየው?»

ዳር ላይ ያገኘነው አንድ አጥማጅ ትሉን እንዴት መንጠቆው ላይ እንደምንሰካ አሳየን። ሰሚራ ጣለች፣ ሣር አወጣች። እኔ ጣልኩ፣ ትሌን ተበላሁ። እናትህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲስቁብን ቆዩና «ወዲህ በሉት!» ብለው ክሩን ተቀበሉ። ቢስሚላህ ብለው ጣሉ። ወዲያው ክሩ ተወጠረ። «ልጆች፣ ያዘኝ! ያዘኝ!» ይላሉ እንጂ አይለቁም፤ ሲጎትቱ ወደ ኋላ ተንሸራተው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ዓሣውም አብሯቸው ወጥቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ይህን የሚያክል ቆሮሶ ዓሣ! እንደ ብር ያብረቀርቃል። እናትህ አንዴ ዓሣውን፣ አንዴ እኛን እያዩ «ያዝኩት! ወላሂ ያዝኩት!» እያሉ እንደ ልጃገረድ ሳቁ። ከቀበርንህ ወዲህ ጥርሳቸውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ልንጠብሰው ስናዘጋጅ «ሳይታረድ እንዴት ይበላል?» ብለው አፈገፈጉ። ሰሚራ ከመድረሳ የተማረችውን ነገረቻቸው፤ የውሃ ሲሳይ ቢላ ሳይነካው ሐላል ነው አለቻቸው። ጥቂት አሰቡና «ካልሽስ እሺ» ብለው ቀመሱ። ቀመሱ አልኩህ እንጂ አጥንቱን ነው ያስቀሩልን።

እዚያው አድረን በነጋታው ጀልባ ተሳፈርን። ያን በዛፍ የተሸፈነውን ገዳም ከውሃው ላይ ሆነን በሩቁ አየነው፤ ነጫጭ ወፎች ከፊታችን እየተነሱ ይሄዱ ነበር። ተመልሰን ቆቦ ስንገባ መኪናዋ እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳለች። ሁሴን መጥቶ ዙሪያዋን ዞሮ አያት። ጭቃውን በጣቱ ነካ አድርጎ «እኔንስ መቼ ታስተምሪኛለሽ?» አለኝ። ቅዳሜ ጀምረናል። ፍሪሲዮኑን ከእኔ ይብስ ይለቀዋል።

የእናትህ ዓሣ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ እያደገ ነው፤ አሁን ጥጃ ሊያክል ምንም አልቀረው። ለከርሞ ደግሞ ወደ ሰሜን እንሂድ ብለዋል፤ በአላማጣ አድርገን፣ ያን ጠመዝማዛ ተራራ ወጥተን፣ የአሸንጌን ሐይቅ ልናይ። እኔም እሺ ብያቸዋለሁ።

ሰይዴ፣ ቃሌ ይኸው ነው። እኛ በሄድንበት ሁሉ ስምህ ይጠራል። ይህ መሪ በእጄ እስካለ ሰሚራን በየከተማው አቁሜ አባቷ እዚያ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳሳቀው፣ ማንን እንዳሳፈረ እነግራታለሁ፤ እኔ ሳረጅ እሷ እየነዳች ትነግረኛለች። አላህ ቀብርህን ብርሃን ያድርግልህ፤ ጀነትን ይወፍቅህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ብቻ አይደለንም፤ ደስ ብሎናል።

ያንተው ዘሀራ
ከቆቦ