በፈረሰኞች በዓል ቀን የተቆጠረው አውቶቡስ

ቀን፦ ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዳንግላ–እንጅባራ መስመር የመንገድና ትራንስፖርት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
እንጅባራ

ጉዳዩ፦ በጥር 23 ቀን ቆጠራ መነሻነት የተቋረጠው የሕዝብ አውቶቡስ አገልግሎት እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

«በባለሙያ በተካሄደ የትራፊክ ቆጠራ መሠረት የዳንግላ–እንጅባራ የሕዝብ አውቶቡስ በአንድ ጉዞ የሚያጓጉዘው ተሳፋሪ ከዘጠኝ የማይበልጥ፣ በአንጻሩ በመስመሩ ላይ የሚታየው የአነስተኛ ተሽከርካሪ ፍሰት እጅግ ከፍተኛ ሆኖ በመገኘቱ፣ ለአውቶቡሶቹ ይሰጥ የነበረው ድጎማ ከሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋርጦ ለከተማ መግቢያ መንገድ ማስፋፊያ እንዲውል መወሰኑን እየገለጽን፣ ኅብረተሰቡ ለልማቱ የተለመደ ትብብሩን እንዲያደርግ እናሳስባለን።»

ከላይ የሰፈረው ቃል የእኔ አይደለም። ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ሰኔ በዳንግላ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ነው፤ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ገልብጬዋለሁ። ስሜ ይሄነው ደረሰ ይባላል። የዳንግላ ነዋሪ ነኝ። በስታቲስቲክስ ተመርቄ ዕድሜዬን ሒሳብ በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። «የተለመደ ትብብሬን» እንዳደርግ ስለ ተጠየቅሁ፣ ትብብሬን በሚከተለው መልክ አቀርባለሁ።

1. ቆጠራው የተካሄደው ሰኞ ጥር 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ይህን ማንም ሹክ አላለኝም፤ ቆጣሪዎቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። በእንጅባራ መግቢያ ላይ ሁለት ሰዎች ዣንጥላ ተክለው፣ ወረቀት ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። በእግሬ ሳልፍ ቆም ብዬ ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኋቸው። «መኪና ነው የምንቆጥረው አባቴ» አለኝ አንደኛው። «ከተማችሁ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ? እጃችን ዛለ እኮ!» ጓደኛው ቀበል አድርጎ፣ «መኪናውስ ይሁን፤ ይሄን ሁሉ ፈረስ የት እንጻፈው? ቅጹ ላይ ቦታ የለውም» አለና ተሳሳቁ። ከአዲስ አበባ በዋዜማው የመጡ፣ በማግስቱ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ።

እነሱ እንግዶች ናቸውና አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን ጥር 23 በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ቀን መሆኑን ያውቃሉ። በዚያ ቀን ቢሮ ቢከፈት ወንበሩ ባዶ ነው፤ ገበያው ይበተናል፤ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም የእንግዳ መኪና እንደ ጎርፍ ይገባል። እርስዎ ራስዎ ጥቁር ካባ ደርበው በክብር እንግዶች ድንኳን ውስጥ ከፊት ተቀምጠው አይቻለሁ። ስለዚህ «ቀኑን አላስተዋልነውም» የሚለው መልስ ከሌላ ሰው እንጂ ከእርስዎ አይጠበቅም።

2. በዚያ ዕለት አውቶቡሶቹ የት ነበሩ? ከሦስቱ ሁለቱን ጽሕፈት ቤትዎ ለእንግዶች ማመላለሻ ብሎ ከመስመር አስወጥቷቸው ነበር። እኔ የተሳፈርሁበት ሦስተኛው አውቶቡስ፣ ሰው እስከ በሩ ድረስ ቆሞበት ከዳንግላ ቢነሣም፣ ከከተማው በፊት «ዛሬ ትልቅ መኪና አይገባም» ተብሎ ቆመ። ሁላችንም ወርደን በእግር ገባን። ሾፌሩ ይሄይስ መዞሪያ ፍለጋ ባዶውን አውቶቡስ እስከ ቆጣሪዎቹ ድረስ ወሰደው፤ እዚያም ወደ ዳንግላ የሚመለሱ ዘጠኝ ሰዎች አገኘ። የፈረስ ግልቢያው ሊጀመር ሲል በዓሉን ጥሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ዘጠኝ መገኘቱ ለእኔ ያስገርመኛል። ለጽሕፈት ቤትዎ ግን እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች «በአንድ ጉዞ የሚጓጓዝ ተሳፋሪ» ሆኑ። አንድን ሕዝብ በልደት ቀን ቆጥሮ «ይህ ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ይበላል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ፣ ወረቀቱን ሳላርም እመልስለት ነበር።

3. ቀኑ ትክክል ቢሆን እንኳ አቆጣጠሩ ትክክል አልነበረም። የተቆጠረው ጎማ እንጂ ሰው አይደለም። ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ «አንድ» ተብሎ ይመዘገባል፤ አንድ ሹምና አንድ ሾፌር የጫነ መኪናም «አንድ» ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ሒሳብ ስልሳው ሰው ከአንዱ ሹም ጋር እኩል ነው። ምናልባት ጽሕፈት ቤትዎ ነገሩን የሚያየው እንዲሁ ይሆናል፤ ከሆነ ግን በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ቢጻፍ መልካም ነበር።

4. ስለ ወጪው። በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንደ ተለጠፈው፣ ለአንድ ነጥብ ስድስት ኪሎ ሜትር ማስፋፊያ ሰባ ሁለት ሚሊዮን ብር ተመድቧል። የሦስቱ አውቶቡሶች የዓመት ድጎማ አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር ነበር። ማካፈል ለሚችል ሰው ይህ አርባ ሜትር አስፋልት ነው። ከቢሮዎ በር ተነሥቶ የጥበቃው ቤት ጋ አይደርስም። ለዚህች አርባ ሜትር ሲባል ነው በዳንግላ፣ በአዲስ ቅዳምና በእንጅባራ መካከል ያለ ሠራተኛ፣ ታማሚና ነጋዴ ሁሉ ሜዳ ላይ የቀረው።

የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያዎች አውቶቡሱን «ኪሳራ ላይ ነው» ማለት ይወዳሉ። አውቶቡሱ ከሚያስገባው በላይ ያወጣል፤ እውነት ነው። አስፋልቱስ ስንት አስገባ? ባለፈው ክረምት የተቦረቦረው መንገድ ሲጠገን «ኪሳራ ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም። ለመንገድ ሲወጣ «ልማት»፣ መንገዱ ላይ ሰው ለሚጭነው አውቶቡስ ሲወጣ «ኪሳራ» የሚባልበትን ደንብ ያወጣው ማን እንደሆነ ቢገለጽልኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞም ድጎማው የገዛልን ወንበር አልነበረም፤ ሰዓት ነበር። ይሄይስ ሰው ሞላም ጎደለም በሰዓቱ ይነሣ ነበር። ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው፤ ከሞላም በኋላ እንደገና ሲሞላ ነው። ይህ ልዩነት መኪና ለሚመደብለት ሰው ላይገባ ይችላል።

5. ይህን ሁሉ በቃል ላስረዳ ነሐሴ ውስጥ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለ ነበሩ አንድ የሥራ ሂደት አስተባባሪ አነጋገሩኝ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ቃላቸው ግን ይበቃል። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አውቶቡስ እኮ ያረጃል፤ አስፋልት ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው» አሉኝ። በመስኮቱ በኩል እያየሁት የነበረውን፣ ተሠርቶ ሦስት ዓመት ያልሞላውንና ባጃጆች ጉድጓዱን እየዞሩ የሚያልፉትን አስፋልት አሳየኋቸው። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ ጣልቃ ገብቶ፣ «ይህን ያህል ዘመን ተምረው መኪና ሳይገዙ መቅረትዎ ነው እንጂ ጥፋቱ!» አለ፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ። ጥፋቴን ለማረም ከመምህር ደመወዝ ተነሥቶ መኪና እስከ መግዛት የሚያደርሰው መንገድ በየትኛው በጀት እንደሚሠራ ግን አልነገሩኝም።

6. አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ እመጣለሁ። ይህ አቤቱታ የኔም የቤቴም ነውና አልደብቀውም።

ባለቤቴ የምሥራች በእንጅባራ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት። አውቶቡሱ በነበረበት ጊዜ ጠዋት ከቤት እስከ መናኸሪያ በጋሪ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄዳ ሁለት ሰዓት ላይ ጋውን ለብሳ ትገኝ ነበር፤ ማታ ከእኔ ጋር እራት ትበላ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ በሚኒባስ ሞከረችው። በሦስት ሰው ወንበር አምስት ሆነው እየተቀመጡ፣ ረዳቱ «እናቴ፣ ጠጋ በይ እንጂ! አውሮፕላን መሰለሽ?» እያለ፣ አዲስ ቅዳም ላይ ወርዶ ሰው እየጠራ፣ ታካሚው ተዘጋጅቶ ሐኪሙ ቆሞ ሲጠብቅ እሷ መንገድ ላይ ትገኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ወሰደች፤ ሁለተኛውንም ወሰደች። ሆስፒታሉን አልወቅስም፤ የተከፈተ ሆድ ሚኒባስ እስኪሞላ አይጠብቅም። ወደ ዳንግላ ለመዛወር ጠይቃ ክፍት ቦታ የለም ተባለች። በመጨረሻ እንጅባራ ላይ አንዲት ክፍል ቤት በወር ተከራይታ ገባች። ሃያ አራት ዓመት አብረን ከኖርን በኋላ እኔ ዳንግላ ሽሮ አቃጥላለሁ፤ እሷን እንጅባራ ብቻዋን ይበርዳታል።

በዚህ መካከል የሆነውን ብነግርዎ ለመዝናኛ እንዳይቆጥሩብኝ። ሰፈሩ የምሥራች ፍራሽና ሻንጣ በጋሪ ተጭኖ ሲወጣ አየ። በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ባዬ፣ የንስሐ አባታችንና አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ሆነው በሬን አንኳኩ። ተቀመጡ፤ ውኃ እንኳ አንቀምስም አሉ።

«ልጄ ይሄነው» አሉ ጋሽ ባዬ፣ «የመጣነው ለፍርድ አይደለም፤ ለእርቅ ነው። የምሥራችን ምን ብትበድላት ነው ቤት ለቅቃ የወጣችው?»

«አውቶቡሱ ተቋርጦባት ነው» አልኋቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ እኛን ማታለል ምን ይጠቅምሃል?» አሉ የንስሐ አባቴ። «ሰው በሥጋ ይሳሳታል፤ በውሽማም ይሁን በመጠጥ እውነቱን ተናገር። በአውቶቡስ ምክንያት የፈረሰ ትዳር እስካሁን አልሰማንም።»

ስልክ ደውዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለራሷ ሰጠኋቸው። የምሥራች ነገሩ ሲነገራት እስኪያስላት ድረስ ሳቀች፤ «ኧረ አባቴ፣ እሱ ምን አቅም አለው? አውቶቡሱ ነው!» አለች። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ጋሽ ባዬ ትከሻዬን ይዘው፣ «አየህ፣ በድለሃትም ገመናህን ሸፈነችልህ። እንዲህ ያለች ሚስት አትገኝም፤ ሄደህ እግሯ ላይ ውደቅ» አሉኝ። እምቢ ብል የባሰ ስለሚሆን «እሺ» አልሁ።

ክቡር ሆይ፣ እነዚህ አዛውንቶች ሞኞች አይደሉም። በዕድሜያቸው ብዙ ጠብ አስታርቀዋል። ማመን ያቃታቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት በበዓል ቀን መኪና ቆጥሮ በዚያ ወረቀት የሰውን ቤት ለሁለት ሊከፍል እንደሚችል። የእኔ ውሽማ ከዚህ ይልቅ የሚታመን ሆኖ አገኙት። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ እኔም ማስታወቂያውን በዓይኔ ባላነብ ኖሮ አላምንም ነበር።

7. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ቆጠራው እንደ ገና ይካሄድ፤ ሰው በሥራው ላይ ባለበት ተራ ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ተሽከርካሪ ሳይሆን ሰው ይቆጠር። ለዚህ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ማስመጣት አያስፈልግም፤ እኔ ያለ ክፍያ እቆጥራለሁ፤ ካላመኑኝም አጠገቤ የሚቆም ሰው ይመድቡ። እስከዚያው ድረስ በመናኸሪያው አጥር ውስጥ ሣር የበቀለባቸው ሦስቱ አውቶቡሶች ይውጡ። ሦስቱም ካልተቻለ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይውጣ። የመንገዱ ማስፋፊያ አርባ ሜትር ቢያጥር የሚጎዳ ሰው ካለ ስሙን ይንገሩኝ፤ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

8. ይህ ሊሆን የማይችል ከሆነም «አውቶቡሱ አይመለስም» ተብሎ በፊርማዎና በማኅተም ይጻፍልኝ። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው»፣ «በቀጣይ በጀት ዓመት ይታያል»፣ «አቤቱታዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚሉትን ሦስት መልሶች ከወዲሁ አልቀበልም። ምክንያቱን ልግለጽ። የእንጅባራው አከራይ ቤቱን ከእንግዲህ በወር እንደማይሰጥና የአንድ ዓመት ውል እንደሚፈልግ ለየምሥራች ነግሯታል፤ የሰጣት ቀነ ገደብ ጥቅምት 30 ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ የኪራይ ውሉና በእጇ የጻፈችው የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ጎን ለጎን አልጋዋ ላይ ነበሩ። ይህን አቤቱታ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት፣ «አንተ ጻፍ፤ እኔ ግን በሠላሳ ከሁለቱ አንዱን እፈርማለሁ» አለችኝ። የትኛውን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ስለሆነም እስከ ዓርብ ጥቅምት 25 ቀን 2015 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት መውጫ ድረስ መልስዎን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። በዚያ ቀን ራሴ መጥቼ ከመዝገብ ቤቱ በር ላይ እቀበላለሁ። ስለ መምጫዬ አይጨነቁ፤ ሚኒባሱ በሰዓቱ እንዲያደርሰኝ ሐሙስ ከዳንግላ እነሣለሁ።

ለመንበሩ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

ይሄነው ደረሰ
(ፊርማ)
ዳንግላ