«አሥራ ሰባት ቀን»ን ለተመልካች ያበቁት የወይዘሮ ሸጊቱ አንዳርጌ ዕረፍት

ከገዳሪፍ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የትያትርና የፊልም ማኅበር ለአባላት፣ ለወዳጆችና ለወገን ሁሉ የተሰጠ መግለጫ
ገዳሪፍ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራች አባልና «አሥራ ሰባት ቀን» የተሰኘው ፊልም ፕሮዲዩሰር ወይዘሮ ሸጊቱ አንዳርጌ፣ ባደረባቸው የወባ ሕመም ከገዳሪፍ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዶካ ጤና ጣቢያ ሲታከሙ ቆይተው ነሐሴ 11 ቀን በአርባ ሦስት ዓመታቸው አርፈዋል። መንገዱ በዝናብ በመዘጋቱ አስከሬናቸውን ወደ ገዳሪፍ ማምጣት አልተቻለም፤ ሥርዓተ ቀብራቸው በዚያው በዶካ ተፈጽሟል። አብዛኞቻችን ቀብራቸው ላይ ሳንቆም መቅረታችን ሐዘናችንን እጥፍ አድርጎታል።

ወይዘሮ ሸጊቱ በ1935 ዓ.ም. በጎንደር፣ አዘዞ ተወለዱ። በጎንደር ከተማ በአንድ ሲኒማ ቤት በመጀመሪያ በቲኬት ሻጭነት፣ በኋላም በአዳራሽ ኃላፊነት ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። በ1971 ዓ.ም. በመተማ በኩል ተሻግረው ገዳሪፍ ከገቡ በኋላ በሰሊጥ እርሻዎች የቀን ሠራተኞችን ምግብ የማዘጋጀት ሥራ ይመሩ ነበር። የሎሪ ሾፌሩም፣ የእርሻው ወኪልም፣ የፈቃድ ቢሮው ጸሐፊም በስም ያውቋቸዋል። ማኅበራችን በ1974 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያው ስብሰባ የተካሄደው በእርሳቸው ግቢ ነው።

በጥር 1977 ዓ.ም. ከረሃቡ የሸሸው ወገናችን በየቀኑ ድንበሩን እያቋረጠ በሚገባበት ወቅት፣ አባላችን አቶ ኢስሃቅ ከበለሳ እስከ ሱዳን አሥራ ሰባት ቀን በእግሯ ስለተጓዘች እናት የጻፉትን የፊልም ድርሰት ለማኅበሩ አቀረቡ። አቶ ኢስሃቅ ዳይሬክተር፣ ወይዘሮ ሸጊቱ ደግሞ ፕሮዲዩሰር ሆነው ተመረጡ። እውነቱን ለመናገር፣ ፕሮዲዩሰር ምን እንደሚሠራ በዚያን ቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነበርን። ከዚያ ወዲያ ግን አየነው። ተስሪህ የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ለሃያ ስድስት ሰው ያስወጡት እርሳቸው ናቸው። ለቀረጻው ሎሪ የለመኑት፣ ውሃ በበርሜል ያስጫኑት፣ ተዋንያኑ ሳይበሉ ካሜራ እንዳይነሳ የከለከሉት፣ የታመመ ሲኖር ቀረጻውን አስቁመው ሐኪም ቤት ያደረሱት እርሳቸው ናቸው።

በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ካሜራ ያዋሰን አንድ የውጭ ድርጅት ተወካይ፣ በስደተኞቹ መጠለያ በምግብ መስጫ ድንኳኑ ውስጥ በረሃብ ደክመው የተኙት ሕፃናት በፊልሙ ካልታዩ ካሜራውን እንደሚወስድ አስታወቀ። ወይዘሮ ሸጊቱ ወደ ድንኳኑ ገብተው እናቶቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። አንዷም አልፈቀደችም። በማግሥቱ ካሜራውን ጠራርገው፣ በሣጥኑ ከትተው፣ በገዛ እጃቸው መለሱ። ሥራው አከተመ ብለን ተቀመጥን። እርሳቸው ግን በአውቶቡስ ወደ ከሰላ ሄደው በአምስተኛው ቀን ከአቶ አደም ጋር ተመለሱ። አቶ አደም ሠርግ የሚቀርጹ ባለሙያ ሲሆኑ አሮጌ የፊልም ካሜራ ነበራቸው። እስከ መጨረሻው አብረውን ቆዩ።

በግንቦት ወር የተፈጠረውን ማኅበሩ ሊሸፍነው አይፈልግም። መሪ ተዋናይት የሆኑት ወይዘሮ ራሒማ ከበለሳ የመጡ ናቸው፤ የአራት ዓመት ልጃቸውን በመንገድ ላይ ቀብረዋል። ድርሰቱ እናቲቱ ለልጇ ጉድጓድ ስትቆፍር ያሳያል። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ወይዘሮ ራሒማ ዶማውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ወይዘሮ ሸጊቱ ዶማውን ከእጃቸው ተቀብለው ሥራው እንዲቆም አዘዙ።

አቶ ኢስሃቅ፣ «ይህ ከሌለ ፊልሙ ባዶ ነው» አሉ።

«ባዶ ይሁን! ራሒማ ልጇን አንዴ ቀብራለች። ለእኛ ብላ ሁለተኛ አትቀብርም» ሲሉ ወይዘሮ ሸጊቱ መለሱ።

ጉዳዩ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ቀረበ። ኮሚቴውም ወይዘሮ ሸጊቱ ከሥልጣናቸው ውጭ ሥራ አስተጓጉለዋል በማለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው ፈረሙ፤ ውሳኔያቸውን ግን አልቀየሩም። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ራሒማ ራሳቸው መጡ። «ጉድጓድ አልቆፍርም። እንዴት እንደነበረ ግን ልናገር፤ ስሟንም ልጥራ። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቀኝ» አሉ። ወይዘሮ ሸጊቱ ከዳይሬክተሩና ከአቶ አደም በቀር ሁላችንንም ከቦታው አራቁን። ወይዘሮ ራሒማ መሬት ላይ ተቀምጠው ተናገሩ፤ ተነሥተው ሄዱ። ቀረጻው አልተደገመም። ዛሬ ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ትዕይንት ነው። ኮሚቴው ተሳስቶ ነበር። ይህንን በሕይወት ሳሉ ልንነግራቸው ሲገባን ዘገየን። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል።

የተቀረጹት የፊልም ጥቅሎች በካርቱም ታጥበው ተቀነባብረው እስኪያልቁ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ወይዘሮ ሸጊቱ ስድስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ፊልሙ ሐምሌ 6 ቀን 1978 ዓ.ም. በገዳሪፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ቆመው አይተዋል፤ ሌላ ጊዜ አላዩትም።

በፊልሙ ውስጥ በመንገደኛነት የታዩት አብዛኞቹ ከመተማ ቆላ ወደ ዶካ እርሻዎች ለአረም የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ወይዘሮ ሸጊቱ ፊልሙ እንደደረሰ ዶካ ድረስ ወስደው ሊያሳዩአቸው ቃል ገብተውላቸው ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ጉዞ ሲጀመር ሎሪው በጥቁሩ ጭቃ ተይዞ አራት ቀን ሜዳ ላይ ዋለ። አቶ ኢስሃቅ ለማኅበሩ በሰጡት ቃል እንዲህ ብለዋል፦ «እንመለስ፣ መሬቱ ሲደርቅ እንመጣለን አልኳቸው። "ሲደርቅማ ሰዎቹ አገራቸው ገብተዋል፤ ለማን ልናሳይ ነው?" አሉኝ። ያኔ ትኩሳቱ ጀምሯቸው ነበር፤ አልነገሩኝም። ባውቅ ኖሮ በግድ እመልሳቸው ነበር።» ፊልሙ በዶካ በታየበት ቀን ወይዘሮ ሸጊቱ በጤና ጣቢያው ተኝተው ነበር። ሰው ምን እንዳለ ጠየቁ። ሠራተኞቹ ራሳቸውን ሲያዩ ተነሥተው እንደጮሁ አቶ ኢስሃቅ ሲነግሯቸው፣ «እሰይ» ብለዋል። ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ።

ማኅበሩ ለእህታቸው ለወይዘሮ የሺመቤት አንዳርጌ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል፤ ነፍሳቸውን ፈጣሪ በቀኙ ያኑርልን።

እናታቸው ወይዘሮ እናኑ አዘዞ ይኖራሉ። ደብዳቤ የምንልክበት መንገድ የለንም። ስለዚህ ይህ መግለጫ የደረሳችሁና በመተማ በኩል የምትሻገሩ ወገኖች መርዶውን እንድታደርሱልን እንለምናለን። በቀጥታ ለእርሳቸው አትንገሩ፤ አስቀድማችሁ ጎረቤት አሰባስቡ፣ የንስሐ አባታቸውም ይኑሩ፣ ሲነጋጋም ይነገራቸው። ማን ቀበራት ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የቀን ሠራተኞቹ የእርሻውን ሥራ ትተው መጡ፣ ቃሬዛውን በጭቃው ውስጥ እየተፈራረቁ ተሸከሙ፣ አገር ቤት እንደሚለቀሰው አለቀሱላት ብላችሁ ንገሯቸው።