በድምፅ ብልጫ ስለ ሞተው ሰው

ለተከበሩ ዶክተር ሀብተ ጊዮርጊስ
የማኅበራችን ሊቀ መንበር
ፍራንክፈርት

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባለቤትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። በተለይም ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ጉልበትዎ ደረጃ የሚያስወጣዎ መሆኑን ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ለምን እንደምጓጓ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ በፕሮይንገስሃይም የምኖር፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምሠራ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት የማኅበሩ አባል የሆንሁ ሮማነወርቅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመላው አባላት የላክሁት እርስዎም ቃለ ጉባኤውን ለመላው አባላት ስለላኩት ነው፤ ከአለቃ የሚወረስ ጥሩ ልማድ አይናቅም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኦስትሃፈን በሚገኘው አዳራሻችን ስላሳዩን ፊልም ከልብ አመሰግናለሁ። ያልመጡ አባላት እንዲገባቸው ያህል፣ አንድ ወጣት ከሊቢያ በጀልባ ይነሣል፣ ማዕበል ይመጣል፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ጃኬቱ ብቻ ባሕር ዳር ወድቆ ይታይና ፊልሙ ያበቃል። ልጁ ሞተ ወይስ አልሞተም የሚለው ክርክር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። እኔ ጃኬት ጃኬት እንጂ ሰው እንዳልሆነ፣ ለመዋኘት የፈለገ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ጃኬቱን እንደሚያወልቅ በአቅሜ ለማስረዳት ሞከርሁ። እርስዎ ግን እጄን ይዘው፣ «ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ልጁ ሞቷል፤ መቀበል ይሻላል» አሉኝ። ከዚያም ሠላሳ ዓመት ጀርመን አገር የኖረ ማኅበር ሁሉ እንደሚያደርገው እጅ አስወጡ። በቃለ ጉባኤው ተራ ቁጥር አራት፣ በአዳራሹ ጽዳትና በፋሲካ ዝግጅት መካከል፣ «የገጸ ባሕርዩ መሞት በ31 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ጸድቋል» ተብሎ ተጽፏል። ተቃዋሚዋ እኔ ነኝ።

በዚህ ውሳኔ ላይ ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሥራዬ ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ። ሐኪም መጥቶ ይፈርማል፣ እኛ መስኮት እንከፍታለን፣ ለቤተሰብ ይደወላል። እጅ ተቆጥሮበት የሞተ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ለዚህ አዲስ ዕውቀት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ቄሳችን በማኅበሩ ዝግጅት ላይ ጸሎት አድርሰው ወዲያው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ያውም ከጀርባዬ ተቀምጠው አዩት። እኔን በሁለት ትልልቅ ሴቶች መካከል ያስቀመጡኝም እርስዎ ነበሩ። አንደኛዋ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይዛ ሳትጠጣው ሁለት ሰዓት ቆየች። አቶ ኪሮስም እጁን ሲያወጣ ሸራውን ትቶ እኔን ነበር የሚያየው። በጊዜው አክብሮት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝ።

ሦስተኛው ቅሬታ እንደ ሁለቱ ተስተካክሎ አልጻፍ አለኝ። ወይዘሮ ፍረወይኒ፣ ጎረቤቴ፣ ትራም ስንጠብቅ ድንገት አቀፈችኝና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። በማን ብዬ ስጠይቃት ደነገጠች፤ በፊልሙ ልጅ ነው ብላ ፊቷን አዞረች። ፍረወይኒን አልወቅሳትም፤ ምስጢር ከአፏ ያመለጣት ስላዘነችልኝ ነው። ግን ዶክተር፣ ለፊልም ሰው ማን ይጽናናል?

እንደሚያውቁት ታናሽ ወንድሜ ሲራክ፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ በእጄ ያደገው ልጅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በኅዳር ወር ከሊቢያ ጀልባ ተሳፍሮ ድምፁ ጠፋ። የፍለጋውን ቅጽ በጀርመንኛ የሞሉልኝ እርስዎ ነዎት። መልሱ በእኔ ስም ሳይሆን በማኅበሩ የፖስታ ሳጥን እንዲመጣ የለመንሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ብቻዬን ቆሜ ፖስታ መክፈት ስለ ፈራሁ። ሰው ባለበት ይከፈታል ብዬ ነበር። ቄሳችን በየእሑዱ ከሕያዋን ጋር የሚጠሩልኝን ስሙን ያን ዕለት ጠዋት ዘለሉት። እኔም በእርጅናቸው አመካኝቼ አለፍሁት።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል ሰምተናል፤ መርዶ በፊልም የሚል ግን አባቶቻችን አላስተማሩንም። ደንቡ ይጠፋዎታል ብዬ አይደለም። ሽማግሌ ገና ሳይነጋ ተሰብስቦ ይመጣል፣ በር ያንኳኳል፣ ሴትየዋን ይዞ ይነግራታል፤ እርሷም የምትወድቅበት ትከሻ ታገኛለች። እናንተ ግን ከባዱን ነገር ለሸራ ሰጣችሁትና አምፖሉ ሲበራ ወንበር አጣጠፋችሁ። ሊያቀሉልኝ አስበው እንደሆነ ይገባኛል። አልቀለለኝም። ከእሑድ ወዲህ ላልቅስለት ወይስ ስለት ልሳልለት አላውቅም፤ ያላረዱኝን ሰው ማልቀስ አልችልም፣ መጠበቁንም አስጥላችሁኛል። ተቆጥቻለሁ፤ ከቁጣዬ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጣል።

ለማኅበራችን ዕድገት፣ ለቃለ ጉባኤያችን ጥራትና ለአባላቱ ስሜት ያለ ዕረፍት ለሚደክሙት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የተራ ቁጥር አራት ብቸኛ ተቃዋሚ
ሮማነወርቅ

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ሥራ አልገባም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሬ አይቆለፍም፤ እንደ መሥሪያ ቤት ቴርሚን፣ ቀጠሮ መያዝ አያስፈልግም። ከፍረወይኒ የተዋስሁት ተጨምሮ አሥራ አንድ ወንበር አለኝ። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለንም፤ ጉልበትዎን የጠየቅሁት ስለዚህ ነው። ፖስታውን ይዘው ይምጡ። የሚመጣ ከሌለ ግን ብቻዬን ጉባኤ እቀመጥና ሲራክ በሕይወት መኖሩን በአንድ ድጋፍ፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ አጸድቃለሁ፤ ቃለ ጉባኤውንም ለመላው አባላት እልካለሁ።